ያልተመለሱት ስድስት ተማሪዎች

ትምህርት ቤት የከረመ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ክረምቱ አልፎ ትምህርት ሲከፈት፣ ከጓደኞቻችን ጋራ ተቃቅፈን ከተሳሳምን በኋላ መቁጠር እንጀምራለን። «እገሌስ የት አለ?» እንባባላለን። አንዱ ታሞ ቀርቷል፤ አንዱ የሚከፍለው አጥቶ ቀርቷል፤ አንዱ ደግሞ ለማንም ሳይናገር ዝም ብሎ ቀርቷል። ወዲያው ደወሉ ይደወላል፤ እኛም ወደ ክፍላችን እንገባለን፤ የቀረውም ሰው ይረሳል። የዛሬው ጨዋታዬ ይህን ጥያቄ ለመርሳት እንቢ ስላሉ ጥቂት ወጣቶች ነው።

ነገሩ የሆነው በአሜሪካ አገር፣ በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት፣ ኢታካ በምትባል ትንሽ ከተማ በሚገኘው በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ነው። የማነሣቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውቅ። ከ1904 እስከ 1905 በነበረው የትምህርት ዘመን በዚያ ዩኒቨርሲቲ ከተማሩት ጥቁር ተማሪዎች ውስጥ ስድስቱ በሚቀጥለው ዓመት አልተመለሱም። ከብዙ መቶ ተማሪ ስድስት ሰው ቢጎድል ላይታወቅ ይችላል፤ ጥቁሮቹ ግን በጣት የሚቆጠሩ ስለ ነበሩ፣ የስድስቱ መቅረት ለተረፉት እንደ ማስጠንቀቂያ ደወል ሆነባቸው።

ምን አባረራቸው? የዩኒቨርሲቲው በር አልተዘጋባቸውም ነበር። ኤዝራ ኮርኔል ይህን ትምህርት ቤት በ1865 ሲመሠርት፣ ማንም ሰው የፈለገውን ማናቸውንም ትምህርት የሚያገኝበት ስፍራ እንዲሆን ነበር ሐሳቡ። ነገር ግን በር ተከፈተልህ ማለትና ቤተኛ ሆንህ ማለት ለየብቻ ናቸው። ጥቁሩ ተማሪ ከነጩ ጋራ በአንድ አዳራሽ ተቀምጦ አንድ ትምህርት ይሰማል። ትምህርቱ ሲያልቅ ግን መንገዳቸው ይለያያል። ነጩ ወደ ማኅበሩ ቤት ይሄዳል፤ ጥቁሩ ወደ ከተማው ወርዶ፣ በጥቁር ቤተሰቦች ዘንድ በተከራየው ክፍል ብቻውን ያጠናል።

«የማኅበሩ ቤት ደግሞ ምንድን ነው?» ትሉኝ ይሆናል። በአሜሪካ ኮሌጆች ፍራተርኒቲ የሚባል የተማሪዎች የወንድማማች ማኅበር አለ። ስሙ በግሪክ ፊደላት ይሰየማል፤ የራሱ መሐላ፣ የራሱ ምሥጢር፣ የራሱ ቀለምና ምልክት አለው። ብዙዎቹም አባሎቻቸው አብረው የሚኖሩበት ቤት አላቸው። በዚያ ቤት የሚገኘው ጥቅም ከጨዋታና ከግብዣ ያለፈ ነው። ታላቁ ለታናሹ ያለፈውን ዓመት ማስታወሻ ያወርሰዋል፤ የትኛው ፕሮፌሰር ምን እንደሚጠይቅ ይነግረዋል፤ ሲመረቅም ሥራ ያለበትን ቦታ ያመለክተዋል። እንግዲህ ጥቁር ተማሪ በዚያን ዘመን ወደዚህ ቤት ቢገባ፣ የሚገባው አሳላፊ ሆኖ ነበር። ከነዚህ ከምነግራችሁ ወጣቶችም አንዳንዶቹ የትምህርት ገንዘባቸውን ያገኙት በነጮቹ ማኅበራት ቤት ምግብ በማቅረብ ነበር። ሳሕኑን ሲያነሡ፣ ወንድማማችነት ለአንድ ተማሪ ምን እንደሚሠራለት በዓይናቸው ያዩ ነበር።

በ1905 መጨረሻና በ1906 መጀመሪያ ላይ የቀሩት ጥቂቶች መሰብሰብ ጀመሩ። ፖይንዴክስተር የተባለ ከፍተኛ ተማሪ አስተባበራቸው። መጀመሪያ ያቆሙት የጥናትና የሥነ ጽሑፍ ክበብ ነበር። በአንድ ጥቁር ቤተሰብ ቤት እየተገናኙ ያነቡ፣ ይከራከሩ፣ የደከመውንም ይደግፉ ነበር።

ይሁን እንጂ ብዙ ሳይቆዩ በመካከላቸው ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቹ «ክበቡ የጥናት ክበብ ሆኖ ይቅር» አሉ። «ፍራተርኒቲ የነጮች ነገር ነው፤ እኛ ለዚያ የሚያበቃ የኋላ ታሪክ የለንም» የሚል አስተያየትም ነበረ። ሌሎቹ ደግሞ፣ ክበብ ማለት ሰው ደስ ሲለው የሚመጣበት፣ ሲሰለቸው የሚቀርበት ነው፤ እኛ የሚያስፈልገን ግን እንዳይቀር የሚያስር ነገር ነው ባዮች ነበሩ። ፖይንዴክስተር ራሱ ከመጀመሪያው ሐሳብ ጋራ ነበርና ኋላ ከእነርሱ ተለየ። ይህን ክርክር የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ማኅበር ለማቆም የሚነሣ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ይመጣበታልና ነው። የምንሰበሰበው ለደስታችን ነው ወይስ ለግዴታችን?

ታኅሣሥ 4 ቀን 1906 ነገሩ ተቈረጠ። «አልፋ ፋይ አልፋ» የተባለው ማኅበር ተመሠረተ። በአሜሪካ ኮሌጆች ጥቁሮች ካቋቋሟቸው የተማሪ ወንድማማች ማኅበራት መካከል ጸንቶ በመቆየትና በመላው አገር በመስፋፋት የመጀመሪያው ይኸው ነው። መሥራቾቹ ሰባት ናቸው፤ አባሎቹም እስከ ዛሬ «ሰባቱ ዕንቁዎች» ይሏቸዋል። እነርሱም ሄንሪ ካሊስ፣ ቻርልስ ቻፕማን፣ ዩጂን ኪንክል ጆንስ፣ ጆርጅ ኬሊ፣ ናትናኤል መሬይ፣ ሮበርት ኦግልና ቨርትነር ታንዲ ናቸው። ቀለማቸውን ጥቁርና ወርቃማ አደረጉ። ጆርጅ ኬሊ የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ሆነ።

እነዚህ ልጆች ኋላ ምን ሆኑ? ይህን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ዛፍ የሚታወቀው በፍሬው ነውና። ታንዲ አርክቴክት ሆኖ በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ፈቃድ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አርክቴክት ሆነ። በሃርለም የሚገኘውን የቅዱስ ፊልጶስ ቤተ ክርስቲያን ንድፍ ከባልደረባው ጋራ የሠራው እርሱ ነው። ኬሊ በዚያው ክፍለ ግዛት የመጀመሪያው ጥቁር ባለ ፈቃድ መሐንዲስ ሆነ። ካሊስ ሐኪምና የሕክምና መምህር ሆነ፤ ከሰባቱ መጨረሻ ያረፈውም እርሱ ሲሆን፣ ዘመኑ 1974 ነበር። ጆንስ ከገጠር ወደ ከተማ ለሚፈልሱ ጥቁሮች ሥራና መጠለያ የሚፈልገውን ብሔራዊ የከተማ ሊግ ለብዙ ዓመታት መራ። ቻፕማንና መሬይ መምህራን ሆኑ። ኦግል ደግሞ በዋሽንግቶን የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ በአሜሪካ ሴኔት የበጀት ኮሚቴ ጽሕፈት ቤት አገለገለ። በየመሥሪያ ቤቱ ከፋይልና ከደብዳቤ ጋራ የምትውሉ አንባቢዎቼ፣ ይህን የመጨረሻውን ሰው ልብ በሉልኝ። ስሙ በጋዜጣ የማይወጣ ሥራ የሠራ ሰውም ከዕንቁዎቹ አንዱ ተብሎ ተቆጥሯል።

አሁን ደግሞ ማኅበሩ እንዴት እንደ ተስፋፋ ልንገራችሁ። የኮርኔሉ ቅርንጫፍ የመጀመሪያው ስለ ሆነ በግሪክ ፊደል መጀመሪያ «አልፋ» ተባለ። ጆንስ በ1907 ከኢታካ ተነሥቶ ወደ ዋሽንግቶን ወረደና በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛውን ቅርንጫፍ «ቤታ»ን አቆመ። ሃዋርድ ማለት የእኛው ዶክተር መላኩ በያን በኋላ ዘመን የሕክምና ትምህርታቸውን የፈጸሙበት ስመ ጥር የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚያው ዓመት ሦስተኛው «ጋማ» በቨርጂንያ ዩኒየን ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ፊደሉ ሲያልቅ ፊደል በፊደል ላይ እየደረቡ ቀጠሉ። በ1911 በሉዊቪል ከተማ የተመረቁ ሰዎች ቅርንጫፍ ተቋቋመ። እንዲህ በመሆኑ አንድ ሰው ዲፕሎማውን ሲቀበል ማኅበሩን አይሰናበትም፤ የተማሪውን ቅርንጫፍ ትቶ ወደ ተመራቂዎቹ ይዛወራል እንጂ።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ፊደል ለሕያዋን አልተሰጠም። ይኸውም የመጨረሻው ፊደል ዖሜጋ ነው። አንድ አባል ሲሞት «ሞተ» ከማለት ይልቅ «ወደ ዖሜጋ ቅርንጫፍ ገባ» ይላሉ። አልፋና ዖሜጋን ከቅዱስ መጽሐፍ ለምናውቅ ለእኛ ይህ አነጋገር እንግዳ አይሆንብንም። ነገር ግን ከየት እንደ መነጨ አስቡት። ስድስት ልጆች ጠፍተው ማንም ባልጠየቃቸው ስፍራ የተመሠረተ ማኅበር፣ የሞተውን እንኳ ከመዝገቡ አልፋቀውም ማለቱ ነው።

ማኅበሩ የቆመባቸው ዐላማዎች ሦስት ናቸው፤ ለወንድ የሚገባ ምግባር፣ ትምህርትና ለሰው ልጅ ሁሉ ፍቅር። መፈክራቸውም ከሁሉ አስቀድመን የሁሉ አገልጋዮች ነን፤ ከሁሉም በላይ እንልቃለን የሚል መንፈስ ያለው ነው። ቃል ግን በግድግዳ ላይ ሲሰቀል ሁልጊዜ ያምራል። የሚመዘነው ከግድግዳው ወርዶ ሥራ ሲሠራ ነው። እስቲ ከሠሩት ጥቂቱን እንመልከት።

መጀመሪያ ያሰቡት ለታናናሾቻቸው ነው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ «ሁለተኛ ደረጃ ግቡ፣ ኮሌጅ ግቡ» የሚል ዘመቻ ጀመሩ። የኮሌጅ ተማሪዎቹ በየከተማው እየዞሩ የጥቁር ልጆችንና ወላጆቻቸውን ትምህርት እንዳይቋረጥ ይመክሩ ነበር። በ1930ዎቹ ደግሞ ድምፅ የሌለው ሕዝብ ተስፋ የሌለው ሕዝብ ነው ብለው ሌላ ዘመቻ ከፈቱ። በዚያን ጊዜ በደቡብ አሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ጥቁሩ ድምፅ እንዳይሰጥ በግብርና በንባብ ፈተና ስም ይከለከል ነበርና።

ቀጥሎ ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ። በ1935 ዶናልድ መሬይ የተባለ፣ ኮሌጅ በሚገባ የጨረሰ ወጣት በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ለመግባት አመለከተ፤ ጥቁር በመሆኑ ብቻ ተመለሰ። ማኅበሩ ጉዳዩን ያዘለት። ቻርልስ ሂዩስተንና ተርጉድ ማርሻል የተባሉ ሁለት ጠበቆች፣ ሁለቱም የማኅበሩ አባሎች፣ ቆመው ተከራከሩ። የባልቲሞር ፍርድ ቤት ልጁ እንዲገባ አዘዘ፤ በ1936 መጀመሪያም ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን አጸናው። መሬይ በ1938 ተመረቀ። ማርሻል ደግሞ በ1967 በአሜሪካ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የተቀመጡ የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ሆኑ።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ግን የመጋረጃው ነገር ነው። ግንቦት 17 ቀን 1942 ኤልመር ሄንደርሰን የተባለ ጥቁር የመንግሥት ሠራተኛ ለሥራ ተልኮ ከዋሽንግቶን ወደ ደቡብ በባቡር ይጓዝ ነበር። እራት ተጠራና ወደ መመገቢያው ፉርጎ ሄደ። በኩሽናው አጠገብ ላሉት ጠረጴዛዎች መጋረጃ ነበራቸው፤ ጥቁር ሲመጣ በመጋረጃው ተጋርዶ ይበላባቸው ነበር። የዚያን ምሽት ግን ነጮች ቀድመው ተቀምጠውባቸው ነበር። ባዶ ወንበር እያለ ኃላፊው አላስቀምጥህም አለው። «በመቀመጫህ ላይ ይምጣልህ» ቢለው ሄንደርሰን እንቢ አለ፤ ቦታ ሲገኝ እንዲጠራው ተነጋገሩ። ጠበቀ፤ አልተጠራም። ተመልሶ ሄደ፤ ቦታ የለም ተባለ። እንደገና ሄደ፤ አሁንም የለም። ማታ በሦስት ሰዓት የመመገቢያው ፉርጎ ከባቡሩ ተፈታ፤ ሰውዬው ጾሙን አደረ።

ሰው አንድ እራት ቢያጣ ምን አለበት? ብዙዎቻችን ውጠን እንተኛ ነበር፤ በማግሥቱም ለጓደኞቻችን አውርተን እናልፈው ነበር። ሄንደርሰን ግን ከሰሰ። ማኅበሩም ከኋላው ቆመ። በኋላ የማኅበሩ ጠቅላይ ሊቀ መንበር የሆኑት ቤልፎርድ ሎውሰን ጠበቃ ነበሩና ክርክሩን እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት አደረሱት። ባቡሩ ኩባንያ በመካከሉ ደንቡን አሻሽያለሁ ብሎ ለጥቁሮች አንድ ባለ አራት ወንበር ጠረጴዛ፣ ለነጮች ዐሥር ጠረጴዛ መድቦ ነበር፤ መጋረጃው ግን አልተነሣም። ሰኔ 5 ቀን 1950 ዳኞቹ ያለ አንድ ተቃዋሚ ድምፅ ይህ አሠራር ሕግ የጣሰ ነው ብለው ፈረዱ። በአንድ የተራበ መንገደኛ የተጀመረ ነገር ስምንት ዓመት ፈጅቶ መጋረጃውን ቀደደው። ስምንት ዓመት ብቻውን መቆም የሚችል ሰው ስንት አለ? ማኅበር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ስለ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግም አንድ ቃል ልጨምር። እርሳቸው በ1952 በቦስተን ተማሪ ሳሉ ወደ ማኅበሩ ገቡ። በ1956 የሞንትጎመሪ ጥቁሮች አውቶቡስ አንሳፈርም ብለው በእግራቸው በሚሄዱበት ዓመት፣ ማኅበሩ ኀምሳኛ ዓመቱን በበፋሎ ከተማ ሲያከብር ተገኝተው ንግግር አድርገዋል። ከሞቱ በኋላም ወንድሞቻቸው አልረሷቸውም። በ1984 ሐውልት እንዲቆምላቸው ሐሳቡን ያመነጨው ማኅበሩ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1996 ፈቀደ፤ ሐውልቱም በዋሽንግቶን ጥቅምት 16 ቀን 2011 ተመረቀ። ከሐሳቡ እስከ ምረቃው ሃያ ሰባት ዓመት መሆኑ ነው። ለአንድ ጉዳይ ሃያ ሰባት ዓመት ስብሰባ የሚቀመጥ ማኅበር ቀላል አይደለም።

ውድ አንባቢዎቼ፤ እስካሁን መልካሙን ብቻ ስነግራችሁ፣ «ይህስ ውዳሴ ነው» ሳትሉኝ አትቀሩም። ጉድፉንም ልናገር። በእነዚህ የወንድማማች ማኅበራት ውስጥ አዲስ ገቢውን በፈተና ስም መደብደብ፣ ማዋረድና እንቅልፍ መንሣት ለብዙ ዘመን ልማድ ሆኖ ቆይቷል። በዚህ የተጎዱ፣ ሕይወታቸውንም ያጡ ወጣቶች አሉ። በ1990 ጥቁሮቹ ማኅበራት ተስማምተው የቀድሞውን የመግቢያ ሥርዓት ቢሽሩም፣ ልማዱ ተደብቆ መቀጠሉ ብዙ ጊዜ ታይቷል። እንግዲህ ብቸኛው ተማሪ እንዳይጠፋ የተመሠረተ ነገር፣ ብቸኛውን ተማሪ በጨለማ ክፍል የሚያስመታ ሲሆን ከዚህ የበለጠ ክህደት ምን አለ? የተመታው ልጅ በተራው ሌላውን ይመታል፤ «እኔም አልፌበታለሁ» ይላል። ይህን ቃል ከማናቸውም ሥራ ቤት ሰምታችሁት ይሆናል። አዲስ የገባውን ጸሐፊ ዓመት ሙሉ የሚያንገላታ አለቃም የሚለው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ጉድፍ ትዕቢት ነው። ፍራንክሊን ፍሬዚየር የተባሉ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሶሲዮሎጂ ምሁር በ1957 በእንግሊዝኛ በወጣው ስለ ጥቁር መካከለኛ መደብ በጻፉት መጽሐፋቸው እነዚህን ማኅበራት አጥብቀው ነቅፈዋል። የተማረው ክፍል ገንዘቡን በግብዣና በልብስ ያባክናል፤ ከሕዝቡም ራሱን ይለያል ማለታቸው ነበር። ነቀፋው የሚያም ነው፤ ስለሚያምም ይጠቅማል። ምክንያቱም ክርክሩ ያው የ1906 ክርክር ነው፤ የምንሰበሰበው ለደስታችን ነው ወይስ ለግዴታችን? ያ ጥያቄ አንድ ጊዜ ተመልሶ የሚያበቃ አይደለም፤ እያንዳንዱ ትውልድ በተራው ይመልሰዋል።

ከዚህ ታሪክ ምን እንያዝ? እኔ የግሪክ ፊደል ይሁንልን፣ ምሥጢርና መሐላ ይግባልን አልልም። ጥቁርና ወርቃማ ክራቫትም አያስፈልገንም። ከሰባቱ ልጆች የምወስደው መጀመሪያ የጠየቁትን ጥያቄ ብቻ ነው፤ «እነዚያ ስድስቱ ለምን አልተመለሱም?» ለማለት ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሥልጣንም አይጠይቅም። የሚጠይቀው የጎደለውን ወንበር ማየት ነው።

እናንተ ተማሪዎች፣ ባለፈው ዓመት ከአጠገባችሁ ተቀምጦ የነበረው ልጅ ዘንድሮ የት እንዳለ ታውቃላችሁ? ማስታወሻችሁን ብታውሱት፣ ከፈተና በፊት ሁለት ማታ አብራችሁት ብትቀመጡ ይቀር ነበርን? እናንተም በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወጣቶች፣ ከክፍለ ሀገር መጥቶ ከእናንተ ጋራ የተቀጠረው፣ ምሳውን ለብቻው የሚበላው ባልደረባችሁ ማን ነው? ምናልባት ነገ የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤውን ሊጽፍ አስቦ ይሆናል። ከመጋረጃ ጀርባ የተቀመጠ ሰው ሁሉ በባቡር ላይ የሚገኝ አይምሰላችሁ።

አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይላሉ። በኢታካ የተሰበሰቡት ሰባት ብቻ ነበሩ። ሎሚውን ግን ተካፈሉት። ስለዚህ ይህን መጽሔት አጥፋችሁ ከማስቀመጣችሁ በፊት አንድ ስም በልባችሁ ፈልጉ፤ ከዓመት በፊት የነበረ፣ ዛሬ የሌለ የአንድ ሰው ስም። ከዚያም ወረቀት አውጡና አንድ አጭር ደብዳቤ ጻፉለት።